ቅመሱ

«ያመጣችሁትን ቅመሱ!»

ይህቺን ትእዛዝ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው። ጣቢያ በር ላይ ስንቅ ይዛ የተሰለፈች እናት መጀመሪያ የምትሰማት ቃል ናት። ክዳን ይከፈታል። ፖሊሱ እንጀራውን ገለጥ ገለጥ ያደርጋል። ዳቦው ለሁለት ይገመሳል። ፔርሙሱ ይሸተታል። ከዚያ አምጪዋ ከራሷ ምግብ ቆርሳ ትጎርሳለች። መርዝ እንደሌለበት ማረጋገጫው የእሷ ሆድ ነው። እሷ ደህና ከሆነች እስረኛው ይበላል።

በ2011 ክረምት፣ እዚሁ አዳማ፣ ይህን ቃል ለ56 ቀን ከበሩ በውስጥ በኩል ሆኜ ሰማሁት። ዛሬ እሑድ እሑድ ከውጭ በኩል ሆኜ እሰማዋለሁ። «እንዴት አመንክ?» ብሎ ሰው ሲጠይቀኝ ጥቅስ ከመፈለጌ በፊት ትዝ የሚለኝ ይህ በር ነው።

የታሰርኩበት ነገር ለመናገር አያስቸግርም። የግንባታ ዕቃ የሚያከፋፍል ሰው ዘንድ ስቶር ኪፐር ነበርኩ። ሰኔ 30 ሲደርስ ቆጠራ አለ። የበጀት ዓመት ስለሚዘጋ መጋዘን ውስጥ ያለው ሁሉ፣ እስከ ሚስማር ካርቶኑ ድረስ ይቆጠራል። ተቆጠረ። 186 ኩንታል ሲሚንቶ ወረቀት ላይ አለ፣ መጋዘን ውስጥ የለም። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ደግሞ የኔ ነው።

ፊርማዬን አልክድም። ከሳምንታት በፊት አንድ ማታ ተደወለልኝ። «መኪናው መንገድ ላይ ነው፣ ሰነዱ ዛሬ መዘጋት አለበት፣ ፈርም፣ ጠዋት ይራገፋል» ተባልኩ። ፈረምኩ። ጠዋት ሌላ ጣጣ መጣ፣ ረሳሁት። ጥፋቴ ይኸው ነው። ቸልተኛ ነበርኩ፣ ሌባ ግን አልነበርኩም። «ፈርም» ያለኝ ሰው ቃሉን ሲሰጥ «እኔ እንዲህ የሚባል ነገር አልተናገርኩም» አለ። ሲሚንቶውን ማን እንደወሰደው፣ ጭራሽ ከፋብሪካ ወጥቶ ነበር ወይ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሐምሌ 8፣ ሰኞ፣ ተያዝኩ። ሕጉ እንደሚለው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ቀረብኩ። መርማሪው «ምስክር ይቀረኛል» አለ፣ 14 ቀን ተፈቀደለት። ዋስትና ጠየቅኩ፣ «ምስክር ያባብላል» ተብሎ ቀረ። ከዚያ ሌላ 14 ቀን። ከዚያ ሌላ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል። ደስ የሚል አንቀጽ ነው። ሰፈር ግን አንቀጽ አያነብም። «ሳይነካካማ አይታሰርም» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል።

እጮኛዬ አንድ ቀን መጣች። ሁለተኛ አልመጣችም። ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። እናቴ አሰላ ናት፤ ደም ግፊት ስላለባት እህቴ «ለሥራ ጅቡቲ ሄዷል» አለቻት። እህቴ ራሷ አራስ ነበረች። ከአሰላ አዳማ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያኔ ግን ለእኔ ከጅቡቲም የራቀ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ፈሩ። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ብሆን እፈራ ነበር።

ክፍሉ ለ23 ሰው አይበቃም። ክረምት ቢሆንም የአዳማ ቆርቆሮ ቀትር ላይ ያነዳል። ሰው በጎኑ ነው የሚተኛው፤ አንዱ ሲገላበጥ መስመሩ ሁሉ አብሮ ይገላበጣል። የእስረኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ቦታ ሲያድል አዲስ ገቢ ሽንት ባልዲው ጎን ነው። ስገባ ቀበቶዬንና የጫማ ማሰሪያዬን ወስደውብኛል፣ ማተቤን ግን አልነኩም። በሦስተኛው ቀን ማታ ራሴ በጥርሴ በጠስኩት።

እውነቱን ለመናገር እግዚአብሔርን የማውቀው በበዓል ነበር። ጥምቀት፣ ገና፣ የሰው ሠርግ። ያን ማታ ግን የልቤን ነገርኩት። «ታውቃለህ አይደል? አልወሰድኩም። ታዲያ ለምን ዝም ትላለህ?» መልስ አልነበረም። ባልዲው ይሸታል፣ አንዱ ያንኮራፋል።

«ጴንጤው» የምንለው ወጣት ነበር፤ ራሱም በስሙ ይስቃል። የኪስ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረው። ስበሳጭ ያየኝና «ዮሴፍም እኮ በሐሰት ነው የታሰረው» ይለኛል። ዮሴፍ አላጽናናኝም። ዓይኔ የገባው ሌላ ሰው ነው፤ አብሮት ታስሮ የነበረው የጠጅ አሳላፊዎቹ አለቃ። ዮሴፍ ሕልሙን ፈታለት፣ «ስትወጣ አስበኝ» አለው፣ ሰውዬው ወጣ። መጽሐፉ የሚለው «ዮሴፍን አላሰበውም፥ ረሳው እንጂ» ነው። ሁለት ዓመት! «ሰው እንዴት ይረሳል? ምን ዓይነት ሰው ነው?» እያልኩ በንዴት እበግናለሁ። ይህቺን ንዴቴን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አጠገቤ የሚተኛው የባጃጅ ሹፌር ነበር። እናቱ በየቀኑ ስንቅ ያመጡለታል። እኛ ክፍል የመጣው ምግብ ሁሉ መሐል ላይ ስለሚቀመጥ ጠያቂ የሌለንም እንበላ ነበር። ግን ጠያቂ የሌለው ሰው ጉርሻው ትንሽ ነው። ማንም አይከለክለውም፣ ራሱ ያሳንሳታል። ሐምሌ 28 ልጁ በዋስ ወጣ። አቅፎኝ ሄደ። ያን ቀን ቦታዬ ሰፋ፣ ሆዴ ግን ባባ።

በማግስቱ «ስንቅ!» ተባለና ስሜ ተጠራ። ስህተት መስሎኝ አልተነሳሁም። ካቦው በእግሩ ነካ አደረገኝ።

ወጥቼ ሳይ በሽቦው ማዶ የባጃጁ ልጅ እናት ቆመዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሰማያዊ ክዳን ያላት የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ በፌስታል አንጠልጥለው። ሥራዬ ብዬ አይቻቸው አላውቅም ነበር። አጭር ናቸው፣ ቀኝ እግራቸውን ትንሽ ይጎትታሉ።

«ልጄ አጠገቤ የሚተኛው ልጅ ሰው የለውም አለኝ» አሉ። «ሽሮ እንደሆነ ለአንድም ለሁለትም እሳቱ ያው ነው።»

ፖሊሱ «እማማ፣ ይቅመሱ» አላቸው። አማተቡ፣ ቆረሱ፣ ጎረሱ። ከዚያ ምሳ ዕቃዋ ወደ እኔ መጣች።

በማግስቱም መጡ። በማግስቱም።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ገባች። ይህን ያስተዋልኩት እኔ አይደለሁም። «አባባ ወንጂ» የምንላቸው አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ወንጂ ሸንኮራ አገዳ ሲቆርጡ ጨርሰው፣ በስተርጅና ጥበቃ ገብተው፣ በተረኛነታቸው ሌሊት የውሃ ፓምፕ ጠፍቶ የመጡ። ለእሳቸውም ጠያቂ የላቸውም። አንድ ቀን ከሽሮዬ እየበላን «እናትየው ጾም አይጾሙም እንዴ?» አሉኝ።

«ይጾማሉ እንጂ፣ ሽሮው የጾም ነው።»

«እሱን አላልኩም። ስንቅ የሚገባው በ6 ሰዓት ነው። በር ላይ ያስቀምሷቸዋል።» ትንሽ ዝም አሉና «እኔ በረመዳን ቅመስ ብባል ምን እንደማደርግ አላውቅም» አሉ።

እጄ ላይ የያዝኩትን እንጀራ መልሼ አስቀመጥኩት። ፍልሰታ ልጆች እንኳ የሚጾሟት ጾም ናት። ቅዳሴ እስኪወጣ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ውሃ በአፍ አይዞርም። እሳቸው ደግሞ ከማርያም ደጅ ነው በእግራቸው የሚመጡት። አንድ ለማያውቁት ሰው፣ ለዚያውም በሌብነት ለተያዘ ሰው ብለው፣ በየቀኑ በቀትር ጾማቸውን ይገድፋሉ ማለት ነው።

በማግስቱ በሽቦው ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ይጾማሉ አይደል?»

«እንዴታ!»

«ታዲያ…»

«ታዲያ ቅመሱ ካለ ልቀምስ ነዋ። ምን ላርግ?» ሳቁ። «የመጀመሪያው ቀን ምላሴ ላይ ይዤ ወጥቼ ልተፋው ነበር። ኋላ እህል መትፋት ነውር ነው ብዬ ዋጥኩት። የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው ‹እና ሳትቀምሺ ልጁ ይራብ ነው?› ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ። በል ሳይበርድ ብላ።»

ቆራቢ መሆናቸውን የሰማሁት ከተፈታሁ በኋላ ነው። ቀምሶ የሚቆርብ የለም። እንደ እሳቸው ያለች እናት ዓመቱን ሙሉ ፍልሰታን እንዴት እንደምትጠብቃት ያደገበት ያውቀዋል። ያን ዓመት 15ቱንም ቀን አልቆረቡም። ይህን የነገረኝ ልጃቸው ነው፤ እሳቸው አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም።

በዚያው ሰሞን ጴንጤው በመስኮቷ ብርሃን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ካቦው ቀን ቀን ይፈቅድለታል። እኔ ጆሮዬን አልሰጠሁትም ነበር። የዕብራውያን መልእክት ነው። «በእግዚአብሔር ጸጋ ስለ ሰው ሁሉ ሞትን ይቀምስ ዘንድ» የሚል ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

«ምን አልክ? ድገመው።»

ደገመው። ይቀምስ ዘንድ። እኔ የታየኝ በሩ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሰልፉ ቆሞ፣ አንድ ሰው «ቅመስ» ተብሎ። የተዘረጋለት ሽሮ አይደለም። እኛ ከምንበላው ቀድሞ ቀመሰው፣ ዋጠውም።

እንባ አልመጣም። ብርሃንም አልወረደም። ያን ማታ ከኪሴ የተበጠሰውን ማተብ አውጥቼ ቋጠርኩት። የተቋጠረ ክር ያጥራል፤ እስከ ዛሬ አንገቴን ያዝ ያደርገኛል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው፣ በተለይ ቤተ ክርስቲያን የሚመላለስ ሰው፣ ታሪኬን ሲሰማ «አየህ፣ ሁሉ ለበጎ ነው፤ ባትታሰር መች እግዚአብሔርን ታገኘው ነበር» ይለኛል። በቅንነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን አልቀበለውም። ያ እስር በደል ነው። ለእኔም ለእናቴም፣ ፓምፕ ጠፋ ተብለው ለሚያቃስቱት ሽማግሌም በጎ አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ መከራው ክፉ ያደረጋቸውን ሰዎች አይቻለሁ፤ ገብተው ዱርዬ ሆነው የወጡ ልጆች አሉ። እኔን የቀየረኝ ባልዲው ሳይሆን ምሳ ዕቃዋ ናት። ሰማይን «ለምን?» እያልኩ ጠያቂ ነበርኩ፤ መልስ አላገኘሁም። ጠያቂ ግን አገኘሁ።

ደግሞ 56 ቀን ምን አላት? የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ አገር ለቀው እንዲወጡ ዕድል ቀርቦላቸው እንቢ ብለው፣ በ1971 ዓ.ም. ከመንገድ ተወስደው ተገደሉ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ዓመት ነው የተገደሉት። የሁለቱም አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የቄስ ጉዲና ባለቤት ወይዘሮ ጸሐይ ቶሎሳ ደግሞ ያለ ፍርድ አሥር ዓመት ገደማ ታስረዋል፤ ተገርፈዋል፤ ባላቸው መሞቱን እንኳ በውል የሚነግራቸው አልነበረም። እነዚህ ሰዎች ፊት «ለበጎ ነው» የሚል ሰው ካለ ወንድ ነው። እኔ እነሱን ሳስብ ዝም ብዬ ጫማዬን ማየት ነው የሚቀናኝ።

ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነበር። ዘነበ። በውጭ ልጆቹ «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ ሲራወጡ ይሰማል። እኛም በተራ እጃችንን በመስኮቷ አሾልከን ፊታችንን አበስን፤ አባባ ወንጂም ሳይቀሩ። «ውሃ የአላህ ነው» አሉ።

በማግስቱ ተጠራሁ። ዐቃቤ ሕግ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ መዝገቡን ዘግቷል። አንዲት ገጽ ወረቀት ናት። ይቅርታ የሚል ቃል ፈለግኩባት፣ የለም። ለነገሩ ቅጹ ላይ ለይቅርታ የተተወ ቦታም የለውም።

ስወጣ የአባባ ወንጂን እጅ ሳምኩ። «እመጣለሁ። አልረሳዎትም» አልኳቸው። «እሺ ልጄ» አሉ። ብዙ ሰው እንዲህ ብሏቸው ሳይሄድ አይቀርም።

አምስት ወር አልሄድኩም።

ምክንያት ሞልቷል። ሥራ ፍለጋ ነበርኩ። እናቴ ነገሩን ሰምታ ታመመች። ደግሞ ያንን መንገድ ፈራሁት፤ ጣቢያው ያለበትን ጎዳና ላለማየት በፖስታ ቤት በኩል ዞሬ ነበር የምሄደው። ቅዳሴ ግን አላጓድልም። እሑድ ነጭ ለብሼ እቆማለሁ። ተለወጠ ተብሎ ይወራልኛል፣ እኔም አምኜዋለሁ።

በየካቲት 2012 እማማ ቤት ቡና ጠጣሁ። ቤታቸው ጎርፍ በመጣ ቁጥር ደፋቸው ላይ አሸዋ ጆንያ ይደረደራል፤ በዚያ ክረምት የገባው ውሃ ግድግዳው ላይ ምልክቱ አለ። ሁለተኛውን ሲቀዱ፣

«እኒያ ሽማግሌ የት ደረሱ?» አሉኝ።

«የትኞቹ?»

«ከሽሮዬ የሚበሉት። የወንጂው።»

«አልጠየቅኳቸውም።»

«አልጠየቅካቸውም?»

ሌላ አንድም ቃል አልተናገሩም። ስኒዬን ሞልተው ሰጡኝ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። ያ ክፍል ውስጥ ሆኜ «ሰው እንዴት ይረሳል?» እያልኩ የበገንኩበት የጠጅ አሳላፊ ራሴ ነበርኩ።

በነጋታው ሄድኩ። የሉም። ወደ ማረሚያ ቤት ተዛውረዋል ተባልኩ። እዚያ ስሄድ ተፈትተዋል ተባልኩ። ወንጂ ሁለት ጊዜ ሄጄ አጠያየቅኩ። እንደሳቸው ያለ ሽማግሌ፣ አገዳ ሲቆርጡ የኖሩ፣ ወገባቸው የጎበጠ፣ ስንት አለ መሰላችሁ! አላገኘኋቸውም። እስከ ዛሬ አላገኘኋቸውም።

ወዲያው ኮሮና መጣና በሩ ለጠያቂ ተዘጋ። እሑድ እሑድ መሄድ የጀመርነው በ2013 ነው። መጀመሪያ እኔና የባጃጁ ልጅ ነበርን። በኋላ ጴንጤው ከየት መጣ ሳልል መጣ፤ ተፈትቶ ሞባይል ጥገና ከፍቷል። ዳቦ ቤት ያላት አንዲት ሙስሊም ሴት ዳቦውን በነጻ ትሰጠናለች፣ «የአባባ ወንጂ ድርሻ» እንላታለን። አሁን ስድስት ነን። ስም የለንም፣ ቲሸርትም የለንም፣ ፎቶም አንነሳም። የታሰረን ሰው እያበሉ ፎቶ መነሳት ምን የሚሉት ነገር እንደሆነ አይገባኝም።

ሥራው ደግሞ እንደሚወራው አይደለም። አጥንት ያለው ወጥ አይገባም። ብርጭቆ አይገባም። ሙዝ ይገባል። እንጀራው ካልተጠቀለለ ፍተሻው ላይ ይበጣጠሳል። ከምግብ ይልቅ የሚጠየቀው ሳሙናና የውስጥ ልብስ ነው። ከሁሉም በላይ የምንለመነው ደግሞ ስልክ ነው፤ «እናቴን ደውልልኝ፣ ደህና ነው በልልኝ።» ደወልኩ። «ጅቡቲ ነው» የተባለች እናት ስንቷን አግኝቻለሁ።

ያጠፋ ሰውም አለ እዚያ። በእርግጥ የሰረቀ፣ በእርግጥ የደበደበ። መጀመሪያ ላይ ንጹሑን ከጥፋተኛው ልለይ ይቃጣኝ ነበር፤ «ይሄ እንደኔ ነው፣ ያኛው አይደለም» እያልኩ። «ታስሬ ወደ እኔ መጥታችኋልና» ያለው ጌታ ግን «በሐሰት ታስሬ» አላለም። ይህ ሲገባኝ ጊዜ ወስዷል፣ አንዳንድ እሑድ አሁንም ይጠፋብኛል።

የድሮ አለቃዬን? አንድ ቀን ፍራንኮ ሰፈር ቡና እየጠጣሁ አየሁት። ሳይጠጋኝ ሄደ። ሒሳብ ስጠይቅ «ተከፍሏል» አለችኝ ልጅቷ። ይቅር ብለኸዋል ወይ ብትሉኝ፣ አንዳንድ ቀን ብዬዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን 186 ኩንታል እቆጥራለሁ።

በር ላይ አሁን የምቀምሰው እኔ ነኝ። ሃያ ምሳ ዕቃ ካለ ከሃያው ነው። ሦስተኛው ላይ ደስ ይላል፣ አሥራ አምስተኛው ላይ ሆድ ይነፋል። በፍልሰታም ይቀመሳል። የንስሐ አባቴን ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ የእማማን ታሪክ ስነግራቸው አላስጨረሱኝም።

እማማ ዘንድሮ ጉልበታቸው ደክሟል። ቤት ነው የሚውሉት። ባለፈው ማክሰኞ ልጃቸው ሥራ ላይ ስለነበር ራሴ ሽሮ ሠርቼ ወሰድኩላቸው። በዚያቹ ሰማያዊ ክዳን ባላት ምሳ ዕቃ ነው፤ ሰጥተውኛል። ክዳኗን ከፍተው ጎንበስ ብለው አዩት። አሸተቱት። ቀና ብለው ደግሞ እኔን አዩኝ።

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

«አዎ እማማ።»

ምሳ ዕቃዋን ወደ እኔ ገፋ አደረጓት።

«እንግዲያው ቀድመህ ቅመስ።»